«የሁከቱን አዋጅ አነበበላቸው»

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ጀምረን በመጻሕፍት ያዳበርን ሰዎች ሁሉ የምንጋራው አንድ ፈተና አለ። የእያንዳንዱን ቃል ፍች እያወቅን የዓረፍተ ነገሩ ምስጢር ያመልጠናል። ቃሉ ባዳ ቢሆን መዝገበ ቃላት ገልጠን እንገላገላለን፤ የሚያስቸግረው ቃሉ ወዳጅ ሆኖ ሐረጉ ባዳ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ አንባቢው ራሱን ይጠይቃል፤ ነገሩ እንደ ተጻፈው ነው ወይስ ፈሊጥ ነው?

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት እንዲህ ስላለ አንድ ሐረግ ነው። «ሪድ ዘ ራዮት አክት» ይሉታል። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት ስለ ዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች የተጻፈ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ሳነብ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በጋዜጣ የስፖርት ዓምድ ላይ አየሁት፤ አንድ የእግር ኳስ አሠልጣኝ በዕረፍት ሰዓት ለተጫዋቾቹ ይህንኑ «አንብቦላቸዋል» ይላል። በመጀመሪያው ቦታ ሰዎች ሞተዋል፤ በሁለተኛው ቦታ ቡድኑ ሁለት ግብ አግብቷል። ቃላቱ ግን አንድ ናቸው። (ለጥንቃቄ ያህል፤ በዚህ ጽሑፍ የውጭውን ታሪክ በአውሮጳውያን አቆጣጠር፣ የእኛን ግን ዓ.ም. እያልሁ በእኛው እጽፋለሁ።)

«ሪድ» ማንበብ ነው። «ራዮት» ሁከት፣ ረብሻ ነው። «አክት» ግን ሦስት ልብስ አለው፤ ድርጊት ይሆናል፣ የተውኔት ገቢር ይሆናል፣ በምክር ቤት የጸደቀ ሕግም ይሆናል። መዝገበ ቃላት ብቻ የያዘ ተርጓሚ «የሁከቱን ገቢር አነበበላቸው» ብሎ ነገሩን ትያትር ቤት ቢያስገባው አይፈረድበትም። ፈሊጥ የለመደው ደግሞ «ክፉኛ ገሠጻቸው» ብሎ ይገላገላል። በዛሬው አነጋገር የሁለተኛው ትርጕም ትክክል ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ትክክል ነው ወይ የሚለው ነው።

የአባቶቻችን የአንድምታ መምህራን እንዲህ ላለው ችግር የቆየ ሥርዓት አላቸው። ንባቡን መጀመሪያ እንደ ቆመ ይፈቱታል። ከዚያ በኋላ ነው «አንድም» ብለው ወደ ሌላው ፍች የሚሻገሩት። ይህን ቅደም ተከተል እወደዋለሁ። እኛ የዘመኑ ተማሪዎች ግን «እንግሊዝኛ በፈሊጥ የተሞላ ነው» እየተባልን ስላደግን፣ እንግዳ ሐረግ ባየን ቁጥር ቀጥተኛውን ፍች ሳንመረምር ወደ «አንድም» እንሮጣለን። ሰሙን ሳይነኩ ወርቁን መፈለግ ነው። ሰሙ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ወረቀት፣ እውነተኛ ዳኛና እውነተኛ ገመድ ሆኖ ይገኛል።

በ1714 የእንግሊዝ ንግሥት አን ሞተችና ዙፋኑ ከጀርመን አገር ከሐኖቨር ለመጣው ለቀዳማዊ ጆርጅ ተላለፈ። አዲሱን ንጉሥ ያልወደዱ ብዙ ነበሩ። በዘውድ በዓሉ ዕለት በበርካታ ከተሞች ሁከት ተነሣ፤ በተከታዩ በጋም ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚያመልኩ ሰዎች የጸሎት ቤቶች ተሰባበሩ። ምክር ቤቱ በዚህ ተደናግጦ ያወጣው ሕግ ከኦገስት 1 ቀን 1715 ጀምሮ ጸና። ስሙ የራዮት አክት፣ ማለትም የሁከት ሕግ ነበር።

የሕጉ አሠራር እንዲህ ነው። ዐሥራ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሁከት ከተሰበሰቡ፣ የአካባቢው ዳኛ ወይም ከንቲባ ወደ እነርሱ ቀርቦ፣ ጸጥታ እንዲሆን አዝዞ፣ በሕጉ ውስጥ የተጻፈችውን አጭር አዋጅ ጮክ ብሎ ያነባል። አዋጅዋ ንጉሡ የተሰበሰቡትን ሁሉ ወዲያውኑ ተበትነው በሰላም ወደየቤታቸው ወይም ወደየሥራቸው እንዲሄዱ ያዘዘ መሆኑን ትናገራለች፤ መጨረሻዋም «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» የሚል ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ሰዓት ይቆጠራል። ሰዓቱ ሞልቶ ዐሥራ ሁለት ሰው በቦታው ከተገኘ ወንጀሉ በሞት የሚያስቀጣ ነው። የሞት ቅጣቱ የቀረው በ1837 ነው። የቀሩትን ለመበተን የተሰማራው ኃይል ሰው ቢገድል ወይም ቢያቆስልም አይጠየቅም።

እንግዲህ «አነበበ» የሚለው ግስ እዚህ ላይ ምን ያህል ቀጥተኛ እንደ ሆነ ልብ በሉ። ሕጉ «አስጠነቀቀ» ወይም «ተቆጣ» አላለም። ቃሉ በቃሉ መነበብ ነበረበት። በ1830 በታየ አንድ ክስ፣ አንባቢው ዳኛ የመጨረሻዋን «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» የምትለውን ሐረግ በመዝለሉ ንባቡ እንዳልተነበበ ተቆጥሮ ተከሳሾቹ ከዚያ ሕግ ቅጣት አምልጠዋል። የቅኔ ተማሪ አንዲት ቃል አጉድሎ መምህሩ ቤቱን ሲያፈርስበት ያየ ሰው የዚህ ፍርድ ጣዕም ይገባዋል። ልዩነቱ እዚህ የተረፈው የሰው ነፍስ መሆኑ ነው።

ማንበቡም ዋጋ ያስከፍል ነበር። በጁን 1780 ለንደን ለቀናት በሁከት ስትታመስ፣ ብዙ ዳኞች አዋጁን ይዘው ሕዝብ ፊት ለመቆም አልደፈሩም። የደፈረው ሃይድ የሚባለው ዳኛ ቤቱ ፈረሰ። ወታደሩ ደግሞ አዋጁ ካልተነበበ እጄን ማንሣት አልችልም ብሎ ስለሚያምን ቆሞ ይመለከት ነበር። በመጨረሻ ንጉሡ ራሱ የዳኛ ንባብ ሳይጠበቅ እንዲተኮስ እስኪያዝዝ ድረስ ከተማዪቱ ነደደች።

ከሁሉ ይልቅ ግን የዚህን ሐረግ ቀጥተኛነት የሚያሳየው የማንቸስተሩ ጉዳይ ነው። ኦገስት 16 ቀን 1819 ሰኞ ቀን፣ ቅዱስ ጴጥሮስ በሚባለው ሜዳ ወደ ስድሳ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ተሰበሰበ። ሸማኔው፣ ፈታዩ፣ ከነሚስቱ ከነልጆቹ፣ ብዙዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው የመጡ ነበሩ። የሚጠይቁት የምክር ቤት ውክልና ነበር፤ ያን ያህል ሕዝብ ያላት ማንቸስተር በዚያ ዘመን የራስዋ እንደራሴ አልነበራትም። ሄንሪ ሃንት የተባለው ዝነኛ ተናጋሪ ገና ንግግሩን እንደ ጀመረ ፈረሰኞች ሰይፍ መዝዘው ገቡ። ዐሥራ አምስት፣ በሌላ ቈጠራ ዐሥራ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቈጠሩ ቆሰሉ። ከአራት ዓመት በፊት ከተደረገው ከዋተርሉ ጦርነት ጋር በምፀት አዳብለው ዕለቱን «ፒተርሉ» አሉት።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር በአንድ ግስ ላይ የቆመ ነበር፤ አዋጁ ተነብቧል ወይስ አልተነበበም? ዳኞቹ ከሜዳው ዳር ካለ ቤት ሆነው ይመለከቱ ነበር። ከመካከላቸው ቄስ ቻርልስ ኤተልስተን በመስኮት ብቅ ብሎ ማንበቡ ተነገረ። በሜዳው የነበሩ እጅግ ብዙ ሰዎች ግን ምንም አልሰማንም አሉ። ስድሳ ሺህ ሰው፣ ባንድ በኩል የሙዚቃ ጓድ፣ ባንድ በኩል የሕዝቡ ሆታ፣ መካከሉ ላይ ከመስኮት የወጣ የአንድ ቄስ ድምፅ! አንድ ሰዓት እንዳልተጠበቀ ደግሞ የሚያከራክር አልነበረም። የተነበበ ከሆነ ዳኞቹ ቢያንስ የሕጉን ጥላ ያገኛሉ። ያልተነበበ፣ ወይም ማንም ሳይሰማው የተነበበ ከሆነ ግን የሆነው ነገር ሌላ ስም አለው።

አሁን ተርጓሚውን አስቡት። ስለዚያ ቀን የሚተርክ ገጽ ላይ «ዘ ማጂስትሬትስ ሪድ ዘ ራዮት አክት» የሚል ያገኛል። በኪሱ የያዘው የፈሊጥ መዝገብ «ክፉኛ ገሠጸ» ይለዋል። እርሱም «ዳኞቹ ሕዝቡን ክፉኛ ገሠጹ» ብሎ ይጽፋል። ዓረፍተ ነገሩ በአማርኛ ያምራል፤ ስሕተትም አይመስልም። ነገር ግን የሟቾቹ ቤተ ሰዎች የተከራከሩበት ጉዳይ ከገጹ ጠፍቷል። የፈሊጥ መዝገቦቻችን ጠቃሚ ናቸው፤ አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ ያዘጋጁት «የአማርኛ ፈሊጦች» ከእጄ አይርቅም። ሆኖም እንዲህ ያለው መዝገብ ሐረጉ ምን ማለት እንደሚሆን እንጂ፣ በዚህ ገጽ ላይ ፈሊጥ መሆን አለመሆኑን አይነግረንም።

«ዘመኑን አይቶ መወሰን ነዋ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። እስከዚህ ዓመት ቀጥተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ፈሊጥ ብሎ ወሰን ማስመር ደስ ባለ ነበር። ግን አይሆንም። ሕጉ ገና በሥራ ላይ ሳለ፣ በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ እንግሊዞች ልጆቹን ለሚቆጣ ወላጅ ይህንኑ ሐረግ ይጠቀሙበት ነበር። ሁለቱ ፍቾች ከመቶ ዓመት በላይ ጎን ለጎን ኖረዋል። በጃንዋሪ 31 ቀን 1919 በግላስጎ ከተማ፣ በጆርጅ አደባባይ፣ የሳምንቱ ሥራ አርባ ሰዓት ይሁንልን ያሉ አድማ መቺዎች በተሰበሰቡበት፣ የአውራጃው ሸሪፍ አዋጁን ማንበብ ሲጀምር ሕዝቡ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቆ ቀዶታል። ወረቀት የሚቀደደው ካለ ነው። በብሪታንያ ሕጉ ጨርሶ የተሻረው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ካናዳ ደግሞ ዛሬም አልተወችውም፤ በወንጀል ሕግዋ ውስጥ ዐሥራ ሁለቱ ሰዎችም፣ የሚነበበው አዋጅም፣ «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» የምትለዋ መዝጊያም አሉ፤ የአንድ ሰዓቱ ዕድሜ ብቻ ወደ ሠላሳ ደቂቃ አጥሯል። በ1935 የቫንኩቨር ከንቲባ ማክጊር ለሥራ አጦች በአደባባይ አንብቦታል። ስለዚህ የካናዳ ጋዜጣ «ከንቲባው ራዮት አክት አነበቡ» ቢል፣ ከንቲባው የተናደዱባቸው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ይሁኑ በመንገድ የተሰለፈ ሕዝብ ይሁን ሳያዩ መፍረድ አይቻልም።

እኔ የማምነው ምልክት ሌላ ነው፤ እርሱም ከሕጉ ከራሱ የሚገኝ ነው። አንባቢው ማን ነው? ሥልጣን ያለው ዳኛ፣ ከንቲባ ወይም ሸሪፍ ነው ወይስ አባት፣ አለቃ፣ አሠልጣኝ? የሚነበብለትስ ስንት ነው? ሕጉ ዐሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። «ለልጁ አነበበለት» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ለአንድ ሰው የሚነበብ የሁከት አዋጅ የለም። (የእግር ኳስ ቡድን ዐሥራ አንድ ነውና ለጥቂት ያመልጣል፤ ተጠባባቂዎቹ ከተቆጠሩ ግን ሕጉ ይደርስባቸዋል!) ቀጥሎስ ምን ሆነ? ሰዓት ተቆጠረ፣ ወታደር ተጠራ፣ ሰው ታሰረ ወይስ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ? እነዚህን ሦስቱን ከገጹ ላይ የለቀመ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ አይስትም።

ለእኛ ይህ ታሪክ ባዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። አዋጅ በቃል የሚነገርበት አገር ልጆች ነን። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ክተት ሲታወጅ «ነጋሪት ተጎሰመ» ሲባል፣ እውነተኛ ከበሮ በእውነተኛ እንጨት ተመትቶ ነው። በ1934 ዓ.ም. መንግሥቱ ሕጎቹን የሚያትምበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ፤ ከበሮው ቀርቶ ስሙ ወረቀት ላይ ገባ። ዛሬ «ነጋሪት መጎሰም» ስንል የሚበዛው በየመድረኩ ጦርነት የሚሰብከውን ሰው መውቀሻ ነው። አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ የእኛን ድርሳን ሲያነብ ከበሮውን የቱ ጋ እንደሚሰማ፣ የቱ ጋ እንደማይሰማ እንዴት ይለያል? ዘመኑ ይረዳዋል፤ ግን ብቻውን አይበቃውም። «የአዋጁን በጆሮ» የምንለውም አባባል ቢሆን የሚገባው፣ አዋጅ ሁሉ የሚሰማው የአደባባይ ነገር እንደ ነበር ለሚያውቅ ሰው ነው።

የእኛ ታሪክ ተቃራኒውንም ምሳሌ ይሰጣል፤ ፈሊጥ መስሎ ቀጥተኛ የሆነ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገቡ ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ ተብሎ ተጽፏል። ይህን በእንግሊዝኛ ያገኘ እንግዳ አንባቢ «ከባድ ሸክም ተሸክሞ» እንደሚባለው ያለ ዘይቤ ነው ብሎ ቢያልፈው አይደንቅም። እኛ ግን የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ወይም በትከሻው አድርጎ ይቅርታ የሚለምንበትን ሥርዓት እናውቀዋለን። ድንጋዩ ድንጋይ ነው። ምሳሌነቱ ከቃሉ ሳይሆን ከድርጊቱ ነው የሚመነጨው፤ ሰዎቹ ራሳቸው ምሳሌውን በአካል ፈጽመውታል። እንዲህ ያለውን ነገር «ቀጥተኛ» ወይም «ዘይቤ» ብሎ በሁለት መክፈሉ ራሱ ጎዶሎ እንደ ሆነ ይሰማኛል።

ደግሞም ባዕድ መሆን ብቻ አይደለም የሚያሳስተው። አንድ ቋንቋ የሚናገሩም ይሳሳታሉ። ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪኩ እንደሚያወሳው፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ የጦር ሹማምንት ባንድ ስብሰባ ላይ «ቴብል» በሚለው ግስ ረጅምና መራራ ክርክር ገጥመዋል። ነገሩን «ጠረጴዛ ላይ ማኖር» ለእንግሊዙ አሁኑኑ ይታይ ማለት ነው፤ ለአሜሪካዊው ይቆይ ማለት ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑ የታወቀው ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ነው። ይህኛው በሳቅ የሚታለፍ ነው።

የኮሪያው ግን አይደለም። በኤፕሪል 1951፣ ከ22 እስከ 25 ባሉት ቀናት፣ የቻይና ጦር በኢምጂን ወንዝ ላይ ሲያጠቃ፣ የእንግሊዙ የግሎስተርሻየር ሬጅመንት አንደኛ ሻለቃ በኮረብታ ላይ ተከበበ። ከእርሱ በላይ ያለው የብርጌድ አዛዥ ብርጋዴር ብሮዲ ለአሜሪካዊው ጄኔራል ሶል ሁኔታውን ሲያስረዳ የተጠቀመበት ቃል «ስቲኪ» የሚል ነበር፤ ነገሩ ትንሽ አጣብቂኝ ሆኗል እንደ ማለት ነው። እንግሊዛዊ ቢሰማው ያልቅስ ነበር፤ በዚያ አገር መኮንን አፍ «ትንሽ» ማለት «ልናልቅ ነው» ማለት ነውና። አሜሪካዊው ግን ቃሉን እንደ ቆመ ወሰደው፤ ቢያስቸግርም ተይዟል፣ ይያዝ። እንደሚተረከው በጊዜው እንዲያፈገፍጉ ሳይፈቀድላቸው ቀረ። ከሻለቃው አብዛኛው ተማረከ ወይም ሞተ፤ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ካርን ተማርኮ እስከ 1953 በእስር ቆየ።

እዚህ ላይ የፈሊጥ መዝገብም አይረዳም። «ስቲኪ» በመዝገቡ አለ፤ ፍቹም ትክክል ተጽፏል። የጎደለው ተናጋሪው ምን ያህሉን ዋጥ አድርጎ ምን ያህሉን እንዳወጣ የሚለካ ሚዛን ነው። እኛ በዚህ በኩል ከእንግሊዙ አንርቅም፤ የሚያጣጥር ሰው «እንዴት ነዎት?» ቢባል «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላል፤ ጠያቂውም ደኅና ነው ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ቄስ ያስጠራል እንጂ።

የእኛው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በነዚያ የውጊያ ቀናት መርከብ ላይ ነበር። ቡሳን የደረሰው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ የተመደበውም በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ነው። መኮንኖቹ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ትእዛዝ መቀበል፣ በአማርኛ ማስተላለፍ፣ የሆነውንም መልሰው በእንግሊዝኛ መንገር ነበረባቸው። በዚያ የሬድዮ መስመር ላይ «ትንሽ አስቸገሩን» የሚል አማርኛ ስንት ጊዜ እንደ ተባለ፣ ወደ ምን ዓይነት እንግሊዝኛ እንደ ተመለሰም ባሰብሁ ቁጥር ይገርመኛል።